ኤልኢዲ ልታስገጥሙ ነው? መጀመሪያ ግድግዳ ፈልጉ

መለዋወጫ ሱቅ ስትገቡ የሚነገራችሁ አንድ ነው፦ «ሃሎጂኑን አውጥተህ ኤልኢዲ ግጠም፣ ሌሊቱ ቀን ይሆናል»። ግማሹ እውነት ነው። የተለመደው ኤች4 ሃሎጂን ለአጭር መብራት 55፣ ለረጅም 60 ዋት ይበላል፤ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ኤልኢዲ ባነሰ ዋት የበለጠ ያበራል።

ችግሩ አምፖሉ የሚገባበት ቤት ነው። ከጀርባው ያለው አንጸባራቂ የተቀረጸው ለሃሎጂኑ ቀጭን ክር ነው። ብርሃኑ ከዚያች ቦታ ትንሽ ካፈነገጠ አስፋልቱን ትቶ ወደ ላይ ይበተናል። ለእናንተ ደመቅ ይላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ከፊት የሚመጣው ሹፌር ነው። (ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ስም አለው፤ ለዛሬ ይቅር።) ዓይኑ የጠፋበት ሹፌር ደግሞ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።

ከጃፓን መጥቶ መሪው የዞረ ቪትዝ ሌላ ጣጣ አለው። ጃፓን በግራ ስለሚነዳ የዚያ አገር አጭር መብራት ወደ ግራ ከፍ ይላል። እኛ ጋ በግራ በኩል ያለው የመጪው መኪና ነው። መሪው ሲዞር መብራቱ ካልተቀየረ የትኛውም አምፖል አያድነውም።

ኤልኢዲውን ካስገጠማችሁ ሳትከፍሉ መኪናውን ግድግዳ ፊት አቁማችሁ አጭሩን አብሩ። ብርሃኑ ከላይ ጥርት ባለ መስመር ከተቆረጠ፣ ጥሩ። እንደ ጭስ ከተበተነ ሃሎጂናችሁን መልሱ፤ ቢጫ የሆነውን የመብራት ሽፋንም ፖሊሽ አስደርጉት። ብዙ ጊዜ ብርሃኑን የበላው እሱ ነው።