የመኸር ገንዘብ የት ይቀመጥ?

በሌሞ፣ በሚሻና በአንሌሞ ወረዳዎች ስንዴው ተወቅቶ ወደ ገበያ በሚወጣበት ጊዜ፣ ይኸውም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ ገበሬው የዓመት ልፋቱን ዋጋ በአንድ ጊዜ በእጁ ያገኛል። በሀዲያም ሆነ በከምባታ፣ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜና ሺንሺቾ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆች የሚልኩት ገንዘብም ወደ ብዙ ቤት ይገባል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ብቻ ሳይሆን «ገንዘቤን የት ላስቀምጥ?» ተብሎም ይጠየቃል። «ባንክ አስገባ» ብሎ ማለፍ ጥያቄውን መመለስ አይደለም። ባንክ የገባ ገንዘብም ያለ ወለድ የሚከርምበት ጊዜ አለና።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሁሉ አስቀድመው ሊመረምሩት የሚገባው ገንዘባቸው በየትኛው ዓይነት ሒሳብ እንዳለ ነው። ለክፍያ ስለሚያመች በቼክ የሚወጣበት ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ይከፈታል፤ ይህ ሒሳብ እንደ ተለመደው ወለድ አይታሰብበትም። አንድ ማኅበር በታኅሣሥ 400,000 ብር አስገብቶ እስከ ሚያዝያ የማዳበሪያ ግዥ ድረስ አራት ወር አቆየው እንበል። በተንቀሳቃሽ ሒሳብ ከሆነ ሲወጣም ያው 400,000 ብር ነው። በቁጠባ ሒሳብ በዓመት 7 በመቶ ቢታሰብለት ግን 9,333 ብር ይወልዳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በቁጠባ ወለድ ላይ የጣለው 5 በመቶ ግብር ሲቀነስ እንኳ ከ8,800 ብር በላይ ይተርፋል። ስለሆነም በተንቀሳቃሹ ሒሳብ ለወሩ ወጪ የሚበቃውን ብቻ ትቶ የቀረውን ወደ ቁጠባ ማዛወር ይገባል። ይህን ለማድረግ የሥራ አመራር ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይበቃል፤ ሌላ ድካም የለውም።

ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው። ይህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ወሰን እንጂ ባንኮች ከዚያ በላይ እንዳይከፍሉ የሚከለክል አይደለም። ስለዚህ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ሁለት ሦስት ቅርንጫፎችን ዞሮ መጠየቅ ያዋጣል። ሲጠየቅም መቶኛው ብቻ አይበቃም። ወለዱ በየዕለቱ ቀሪ ገንዘብ ላይ ነው የሚታሰበው ወይስ ወሩ ውስጥ በታየው ዝቅተኛ ቀሪ ላይ? ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በዝቅተኛው ቀሪ የሚታሰብ ከሆነ በወሩ በ28ኛው ቀን አብዛኛውን ያወጣ ማኅበር የዚያን ወር ወለድ ከሞላ ጎደል ያጣል፤ ሁለት ቀን ቢታገሥ ግን ሙሉውን ያገኝ ነበር።

በጊዜ የተገደበ ተቀማጭ የሚባለው ደግሞ ገንዘቡ ለተወሰኑ ወራት ላይነካ ውል ተገብቶበት ከቁጠባ ሒሳብ የተሻለ ወለድ የሚከፈልበት ነው። መጠኑ በድርድር ስለሚወሰን ብዙ ገንዘብ ያለው ማኅበር አፉን ሞልቶ መጠየቅ ይችላል። ጉዳቱ ከቀኑ በፊት ገንዘቡ ቢፈለግ ወለዱ ሊቀር ወይም ሊቀነስ መቻሉ ነው። በዶዮገና የበግ ዝርያ በሚያሻሽሉ ማኅበራት ዘንድ ለምሳሌ የተመረጡ አውራ በጎች መግዣ ገንዘብ ምርጫው በሚካሄድበት ሰሞን ዝግጁ መሆን አለበት፤ ገንዘቡ ታስሮ ከተገኘ በጉ ለነጋዴ ይሸጣል፣ ከዚያም ይታረዳል። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀን ይታወቅ።

ወለዱ ከፍ ያለ ሆኖ ሲገኝ መከተል ያለበት ጥያቄ «ተቋሙ ቢወድቅ ማን ይከፍለኛል?» የሚል ነው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በንግድ ባንኮችና በማይክሮፋይናንስ ተቋማት ለተቀመጠ ገንዘብ ዋስትና ይሰጣል፤ ጣሪያውም ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ተቋም 100,000 ብር ነው። ብዙው የገጠር ቤተሰብ የሚያስቀምጠው ከዚህ በታች ስለሆነ ይሸፈናል። ከላይ የጠቀስነው ባለ 400,000 ብር ማኅበር ግን በአንድ ባንክ ብቻ ካስቀመጠ ዋስትና ያለው ሩቡ ብቻ ነው።

የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚህ ፈንድ ውስጥ አይደሉም። ይህን የምንለው ልናስጠላቸው አይደለም፤ ባንክ ብድር የነሣውን ትንሽ ገበሬ የሚያበድሩት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ዋስትናቸው የአባላቱ ንቃት ብቻ ነው። የመጨረሻው የኦዲት ሪፖርት የየትኛው ዓመት ነው? ብድር ወስደው ያልመለሱት ስንት ናቸው፣ ከእነሱስ መካከል የኮሚቴ አባል አለ? ለዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ሊቀ መንበር ካለ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።

በወር 10 በመቶ እከፍላለሁ የሚል ሰው በከተማ ሲገኝ ደግሞ ገበሬው ሒሳቡን ራሱ እንዲያደርግ ይረዳ። በወር 10 በመቶ ሳይደራረብ በዓመት 120 በመቶ ነው። ይህን ያህል በየዓመቱ ሳያቋርጥ የሚያተርፍ የስንዴም ሆነ የበርበሬ ንግድ የለም። የፊተኞቹ የሚከፈላቸው ከኋለኞቹ ገንዘብ ነው። እቁብ ከዚህ የተለየ ነው፤ ወለድ ባይኖረውም ያስገቡትን ያህል ያስገኛል፣ የሚያውቁት ሰውም ዳኛ አለው።

አንድ ነገር ሳንሸሽግ መናገር አለብን። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ንረቱ በዚያ መጠን ቢቀጥል የገንዘብ የመግዛት አቅም ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግማሽ ይሆናል፤ 7 በመቶ ወለድም ይህን አይመልሰውም። ስለሆነም የቁጠባ ሒሳብ እስከሚቀጥለው ምርት ድረስ ለሚያስፈልግ ገንዘብና ለድንገተኛ ችግር ተስማሚ ነው፤ ለዓመታት የማይነካው ገንዘብ ግን ወደ ጊደር፣ ወደ በግ ወይም ወደ ተሻሻለ ዘር ቢዞር ይመረጣል። በአንድ ዓይነት ሀብት ላይ ብቻ መደገፍም አደጋ አለው። በ2004 ዓ.ም. ግድም የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ በሐደሮና በአካባቢው ዝንጅብሉን ባጠፋው ጊዜ፣ ሀብቱ ሁሉ ማሳው ላይ የነበረ ገበሬ የሚመዘው አልነበረውም።

ልጅ ከውጭ የላከው ገንዘብ ከቤቱ ወጪ በተለየ ደብተር ቢቀመጥ፣ ሚስትም በሒሳቡ ላይ ብትፈርም መልካም ነው። በስልክ የሚሠራበት የምስጢር ቁጥር ለማንም፣ ለጎረቤት ተማሪም ቢሆን፣ አይነገር። በማኅበር ሒሳብ ላይ ከአንድ በላይ ፈራሚ ይኑር፤ ደብተሩንና ማኅተሙን አንድ ሰው አይያዛቸው። የባንክ መግለጫው በየሦስት ወሩ ወጥቶ ከደረሰኞቹ ጋር ይመሳከር፤ ማንበብ የማይችሉ አባላትም እንዲሰሙት በጉባኤ ላይ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ጮክ ተብሎ ይነበብ።