ትንንሽ አውሮፕላኖችና የግዴታ ምርመራ፦ የባለቤቶቹ ስጋት ከየት ይመጣል?

ለደኅንነት ተብሎ የታዘዘን ምርመራ የሚቃወም ሰው ቢያጋጥምዎ ምን ይላሉ? «ገንዘቡን ከሰው ሕይወት አስበለጠ» ብለው ይፈርዱ ይሆናል። ከመፍረዳችን በፊት ግን በአሜሪካ የትንንሽ አውሮፕላን ባለቤቶችን ያሳሰበ አንድ ጉዳይ እንመልከት።

በአገሩ ሕግ የግል አውሮፕላን በየ12 ወሩ ይመረመራል። በክፍያ ሰው የሚያጓጉዝ ወይም በክፍያ በረራ የሚያስተምር ከሆነ በየ100 የበረራ ሰዓቱም ይመረመራል። ከዚህ ሌላ አደገኛ ጉድለት ሲገኝ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አስገዳጅ ትእዛዝ ያወጣል። ትእዛዙን ያልፈጸመ አውሮፕላን መብረር አይችልም።

ምን ተፈጠረ?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2018 በፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች አንድ የማስተማሪያ ፓይፐር አውሮፕላን ግራ ክንፉ በአየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። ተማሪውና ፈታኙ ሞቱ። ምክንያቱ ክንፉን በሚሸከመው ዋና ብረት የብሎን ቀዳዳ ላይ ከድካም የተነሣ የተፈጠረ ስንጥቅ ነበር። ስንጥቁ ብሎኑ ሳይወጣ በዓይን አይታይም።

በ1987ም በቴክሳስ የነዳጅ ቧንቧ ለመቃኘት ዝቅ ብሎ ይበር የነበረ ተመሳሳይ አውሮፕላን ክንፉ ተገንጥሎ ነበር። ያኔ የወጣው የምርመራ ትእዛዝ ግን ኋላ ተነሥቷል።

ከዴይቶናው አደጋ በኋላ አስተዳደሩ ብሎኖቹ ወጥተው ቀዳዳዎቹ «ኤዲ ከረንት» በተባለ የኤሌክትሪክ መሣሪያ እንዲመረመሩ አዘዘ። ትእዛዙ በ2021 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ።

ባለቤቶቹ ምን አሉ?

አንደኛ፣ ለዓመታት ጠብቆ የኖረን ብሎን ማውጣት ቀዳዳውን ሊጭር ይችላል፤ ጭረት ደግሞ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ስለዚህ ምርመራው ራሱ ጤነኛውን ክንፍ ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ መሣሪያውን የሚያውቅ የሠለጠነ ባለሙያ በየቦታው አይገኝም፤ ወጪም አለው። ሦስተኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀስ ብሎ የሚበር የግል አውሮፕላን፣ ቀኑን ሙሉ ተማሪ ከሚያሳርፈው ጋር እኩል አይደክምም።

ሦስተኛው ነጥብ በትእዛዙ ውስጥ መልስ አለው። በየ100 ሰዓቱ የተደረገ እያንዳንዱ ምርመራ እንደ 100 ከባድ ሰዓት ይቆጠራል፤ የቀረው የበረራ ሰዓት ለ17 ይካፈላል። ውጤቱ 5,000 ከደረሰ መመርመር ግዴታ ነው። ለምሳሌ 8,000 ሰዓት የበረሩ ሁለት አውሮፕላኖችን እንውሰድ። 70 ጊዜ በየ100 ሰዓቱ የተመረመረው የትምህርት ቤት አውሮፕላን 7,059 ገደማ ይሆንበታል። አንድም ጊዜ እንዲህ ያልተመረመረው የግል አውሮፕላን ግን 470 ገደማ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ የጥገና መዝገቡ የጠፋ ወይም የተጓደለ አውሮፕላን ከምርመራው አያመልጥም። የትናንቱን ታሪክ ማሳየት ካልቻለ በግል ብቻ በርሯል ብሎ የሚያምንለት የለም።

እንግዲህ ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል። አስተዳደሩ የሞቱትን ሁለት ሰዎች አስቦ ነው፤ ባለቤቶቹም ጤነኛ ክንፍ በከንቱ እንዳይፈታ ፈርተው ነው። እርስዎም አውሮፕላን ሊገዙ፣ በረራ ሊማሩ ወይም በአንድ ወዳጅዎ አውሮፕላን ሊሳፈሩ ቢያስቡ አስቀድመው መዝገቡን ይጠይቁ። ቀለሙ ቢያምርም ክንፉ ውስጥ ያለውን አይነግርዎትም።