«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ያረጀ ላፕቶፕ ያለው ሰው ኡቡንቱ የሚባለውን የሊነክስ ሲስተም ከዊንዶውሱ ጎን መጫን ቢያምረው አይፈረድበትም። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ዊንዶውሱ እንደገና ሲጫን ነው፤ ማሽኑ በቀጥታ ዊንዶውስ ይከፍታል፣ ኡቡንቱ የገባበት አይታወቅም። ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ ደሴ ድረስ ተሸክመውት ቢሄዱ «ፎርማት ይደረግ» መባሉ አይቀርም። አይደረግ!

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጻፉት ወንጌል አለ፤ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም ሰፍሮበታል። ያ ቅጠል ቢጠፋ ፈላጊ ይቸገራል እንጂ መጻሕፍቱ ከዕቃ ቤት አይወጡም። ማሽኑ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ቡት ሎደርም እንዲሁ ነው፤ የጠፋው መንገድ አመልካቹ እንጂ ፋይሎችዎ አይደሉም።

በድሮ ማሽኖች ይህ ፕሮግራም የሚጀምረው ከዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ላይ ነው፤ ከዚያም ለራሱ የሚደርሰው 446 ባይት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ሳይጠይቅ ይጽፍበታል። በአዲሶቹ፣ ዩኢኤፍአይ በሚባሉት፣ እያንዳንዱ ሲስተም በአንዲት ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ የየራሱ ፎልደር አለው። እዚያ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ የሊነክሱን ቡት ሎደር፣ ግራብን፣ አይደመስስም፤ ራሱን ከፊት ያሰልፋል እንጂ። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ2 ወይም ኤፍ12 ተጭነው (ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል) የቡት ቅደም ተከተሉን ይዩ። «ኡቡንቱ» የሚል ካለ ወደ ላይ ያውጡት። ብዙው ችግር እዚሁ ያበቃል።

ካላበቃ፣ የኡቡንቱ መጫኛ ያለበት ፍላሽ ያስፈልጋል፤ 8 ጊጋባይት ይበቃል። ዳውንሎዱ ከባድ ነውና ያለው ጎረቤት ካለ መገልበጥ ይሻላል። በፍላሹ አስነስተው «ኢንስቶል» ሳይሆን «ትራይ» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ በተርሚናል የሊነክሱን ፓርቲሽን ማውንት አድርገው፣ በዩኢኤፍአይ ማሽን ትንሿን የቡት ፓርቲሽን ጨምረው፣ በክሩት ትእዛዝ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ግራብ-ኢንስቶልን፣ ቀጥሎም አፕዴት-ግራብን ያስኬዳሉ። በድሮው ዓይነት ማሽን ለግራብ-ኢንስቶል የሚሰጠው የሙሉው ዲስክ ስም ነው፤ ኤስዲኤ እንጂ ኤስዲኤ1 አይደለም። ፍላሹም ሲስተሙ በተጫነበት ሞድ መነሳት አለበት። ዩኢኤፍአዩን በድሮው ሞድ ለመጠገን የሞከረ ሰው ትእዛዙ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሲለፋ ይውላል።

ግራብ ተመልሶ ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ከጎደለ አይደንግጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ግራብ 2.06 ወዲህ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው ኦኤስ-ፕሮበር ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ በግራብ ሴቲንግ ፋይል ውስጥ ይከፈታል።

ዲስኩን በቁልፍ የሚያመሰጥረው ቢትሎከር የበራበት ዊንዶውስ ግን የቡት ለውጥ ሲያይ ባለ 48 አሃዝ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ይጻፉት፤ ባትሪውንም ይሙሉ፣ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅምና።