ጎርፍን የሚቀድም ስልክ

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ብዙዎቹን ጎርፉ የደረሰባቸው በተኙበት ነበር።

የደቻቱ ውኃ የሚወርደው ከምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች ነው። ስለዚህ ከተማው ሳይዘንብበትም ጎርፍ ሊደርስበት ይችላል። አደጋውን ቀድሞ የሚያየው በላይኛው ተፋሰስ የሚኖረው አርሶ አደር ነው። ዛሬ ሞባይል በእጁ ቢኖርም ጥሪው የሚጠቅመው በአግባቡ ሲነገር ነው።

መስመሩ ሊቋረጥ ስለሚችል ደዋዩ ቦታውን ያስቀድም፤ ቀበሌውን፣ መንደሩን፣ የወንዙን ስምና በአቅራቢያው ያለውን ድልድይ ወይም መስጊድ ይጥቀስ። ቀጥሎ «ወንዙ ሞልቶ ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ሦስት ሰዎች ማዶ ቀርተዋል» ብሎ ባጭሩ ያስረዳ። በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለይ፤ ያየበትን ሰዓትና ክፍት የሆነውን መንገድ ይናገር። ተቀባዩ «በቃ» ሳይለው ስልኩን አይዝጋ። መልሶ ሊደወልለት ስለሚችልም መስመሩን አይያዝ።

የወረዳና የቀበሌ አመራሮችም ክረምቱ ሳይገባ የፖሊስ፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ስልክ ቁጥሮችን በቀበሌ ጽሕፈት ቤትና በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ግድግዳ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ሊለጥፉ ይገባል። አርሶ አደሩ የሚያውቀው 8028 የግብርና ምክር መስመር እንጂ የአደጋ ጥሪ መቀበያ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ለሌሊቱ ተረኛ ይመደብ። የ1998ቱ ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነውና፣ ሌሊት የማይነሳ ስልክ እንደሌለ ይቆጠራል።