ስልኩ ሲቀጥን ክብደቱ የት ይሄዳል?

ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች እህት ደውላ «የትኛውን ስልክ ልላክልህ?» ስትል መልሱ ብዙ ጊዜ «አዲስ የወጣውን» ነው። ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ባለው የደቡብ ወሎ ደጋ ውድ ስልክ ከሱቅ ይልቅ በዘመድ በኩል መግባቱ የተለመደ ነው። አሁን ደግሞ አዲስ የወጣው ቀጭኑ ሆኗል። ሳምሰንግ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ኤስ 25 ኤጅን አወጣ፤ ውፍረቱ 5.8 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 163 ግራም ነው። አፕል በዚያው ዓመት ጳጉሜን 4 ቀን አይፎን ኤርን አሳየ፤ እሱ 5.6 ሚሊሜትርና 165 ግራም ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የሳምሰንግ ኤስ 25 አልትራ 8.2 ሚሊሜትርና 218 ግራም ይሆናል።

ቀጭን ስልክ በእጅ ሲያዝ ደስ ይላል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ኪስ አይጎትትም፤ ተኝቶ ለሚያነብ ሰው አንጓ አያደክምም። ጥያቄው ከስልኩ የተቀነሰው ነገር የት ሄደ የሚለው ነው። አብዛኛው የትም አልሄደም። ባለቤቱ በሌላ ኪሱ ይሸከመዋል።

ስልክ ቢከፈት ሰፊውን ቦታ ይዞ የሚገኘው ባትሪው ነው። ስለዚህ ስልክ ሲቀጥን መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። በሱቅ ቋንቋ «ባለ 5 ሺህ ባትሪ» የምንለው (5 ሺህ ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚይዘው) በርካሽ ስልኮች ላይ ሳይቀር የተለመደ ሆኗል፤ ኤስ 25 አልትራም ባለ 5 ሺህ ነው። ኤስ 25 ኤጅ ግን 3,900፣ አይፎን ኤር 3,149 ብቻ ይዘዋል። እርግጥ ቁጥሩ ብቻውን ሁሉንም አይናገርም፤ የአፕል ስልኮች በትንሽ ባትሪ ብዙ መሥራት ያውቁበታል። አፕል ራሱ ግን ከአይፎን ኤር ጋር ከጀርባው የሚለጠፍ ተጨማሪ ባትሪ አብሮ ለሽያጭ አቅርቧል። ሁለቱ ሲጣበቁ ውፍረታቸው ከተራ ስልክ ይበልጣል። ስልኩን አቅጥኖ ውፍረቱን ለብቻው መሸጥ ጥሩ ንግድ ሳይሆን አይቀርም።

የባትሪ ማነስ አዲስ አበባ ውስጥ በየቢሮውና በየካፌው ሶኬት ለሚያገኝ ሰው ብዙም ላይታወቅ ይችላል። መካነ ሰላም ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ገደልና ሸለቆ ነው፣ በስተምዕራብ መሬቱ ወደ ዓባይ ይወርዳል። እንዲህ ባለ መልክዓ ምድር የኔትወርክ ማማውና ስልኩ አይተያዩም። ኔትወርኩ ሲደክም ስልኩ ድምፁን ለማማው ለማሰማት የሚልክበትን ኃይል ይጨምራል፤ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ደጋግሞ ይፈልጋል። ማንም ሳይነካው ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ባትሪው ተንጠፍጥፎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሸለቆ ለሸለቆ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ስልኩን በአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጎ፣ ጉብታ ላይ ሲወጣ ቢከፍተው ብዙ ያተርፋል። ሰው ሊደውልለት የሚጠብቅ ግን ይህን ማድረግ አይችልም።

ብርዱም አለ። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ኃይል የሚሰጠው ኬሚካላዊ እንቅስቃሴ በቅዝቃዜ ይዘገያል። በአምባ ፈሪት አካባቢ ባሉ ደጋዎች ውርጭ በሚጥልበት ንጋት 20 በመቶ የሚያሳይ ስልክ በድንገት ቢጠፋ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ትልቅ ባትሪ ይህን ድንገተኛ ጉድለት ይችለዋል፣ ትንሹ ግን የሚቀንስለት የለውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ስልኩን ከጋቢ ስር፣ ወደ ደረት አስጠግቶ መያዝ። ወደ ዓባይ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አፕል ለስልኮቹ የሚመክረው የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ቀጭን አካል ሙቀቱን የሚያጠራቅምበት ቦታ ስለሌለው ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ሥራውን ያዘገያል፣ የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል።

ከሁሉም ያነሰ የሚወራው የባትሪ እርጅና ነው። አፕል ከአይፎን 15 ጀምሮ ያሉት ስልኮች ባትሪ ከ1,000 ሙሉ ሙሌት በኋላ 80 በመቶ አቅሙን እንደሚይዝ ይናገራል። በቀን አንዴ ለሚሞላ ሰው ይህ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ነው። በቀን ሁለቴ ለሚሞላ ግን ዓመት ከአራት ወር ገደማ ላይ ያልቃል። ትንሽ ባትሪ ቶሎ የሚያረጀው ጥራቱ አንሶ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ስለሚሞላ ነው።

ከዚህ ችግር የማምለጫ መንገድ በቅርቡ ተገኝቷል፤ እዚህ ላይ ቻይናዎቹ ከአፕልም ከሳምሰንግም ቀድመዋል። በተለመደው ባትሪ ውስጥ ሊቲየም የሚከማችበት አንዱ ክፍል ከግራፋይት ይሠራል። ሲሊከን በተመሳሳይ ክብደት ከግራፋይት አሥር እጥፍ ገደማ ሊይዝ ይችላል፤ ችግሩ ሲሞላ እስከ ሦስት እጥፍ ይነፋል፣ ሲነፋና ሲከስም ይሰነጣጠቃል። ሲሊከኑን ከካርቦን ጋር አዋህዶ መነፋቱን መግታት ሲቻል በዚያው ስፋት ብዙ ኃይል ማከማቸት ተቻለ። ስልኮቹን ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አገራችን ውስጥ የሚገጣጥመው የቴክኖ ባለቤት ኩባንያ በ2017 መጨረሻ ፖቫ ስሊምን አወጣ፦ 5.95 ሚሊሜትር፣ 156 ግራም፣ ባትሪው ግን 5,160። ከአይፎን ኤር ባትሪ ከ60 በመቶ በላይ ይበልጣል። ለደጋው ሰው ቀጭን ስልክ ካስፈለገ ዓይን የሚጣልበት ይህ ዓይነቱ ነው።

አሁን ወደ ሲም ካርዱ እንምጣ፤ እኔ ከባትሪውም በላይ የምፈራው እሱን ነው። አይፎን ኤር የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም፤ በዓለም ዙሪያ የሚሠራው በኢ-ሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም ብቻ ነው። ይህ ደግሞ በቀጭኑ ብቻ አያበቃም። ተራው አይፎን 17 እንኳ በሳዑዲ፣ በኤምሬትስ፣ በኩዌት፣ በኳታርና በአሜሪካ ሲሸጥ ቀዳዳ የለውም። ብዙ የወሎ ልጆች ስልክ የሚልኩት ደግሞ ከእነዚሁ አገሮች ነው። ኢ-ሲም በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ይሰጣል። ግን አስቡት፤ ባትሪው መንገድ ላይ ሲያልቅ ሰው የሚያደርገው ካርዱን አውጥቶ ጎረቤቱ ስልክ ውስጥ መክተት ነው። ከዚያ *127# መትቶ በቴሌብር ገንዘብ ይልካል፤ ቁልፍ ስልክም ቢሆን ይበቃዋል። መስመሩ ስልኩ ውስጥ የታሰረበት ሰው ግን ስልኩ ሲጠፋ መስመሩም ገንዘቡም አብሮ ይዘጋበታል። ኤስ 25 ኤጅ ካርድም ኢ-ሲምም ይቀበላል። ስለዚህ ለምትልከው እህት ከሞዴሉ ስም በፊት መነገር ያለበት «ካርድ ማስገቢያ እንዳለው ሻጩን አሳይኝ በይው» የሚለው ነው።

የሜሞሪ ካርድ ቦታም የለም፤ በሁለቱም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት መዝሙሩም መንዙማውም ፊልሙም ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው በሜሞሪና በብሉቱዝ ነበር። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውም ቀርቷል፤ ከእሱ ጋር የቀረው ኤፍ ኤም ሬዲዮ ነው፤ በስልክ ሬዲዮ ስንሰማ አንቴና የሚሆነው የማዳመጫው ገመድ ነበርና። አይፎን ኤር ድምፅ የሚያወጣው በጆሮ በኩል ባለችው አንዲት ድምፅ ማውጫ ብቻ ነው። ስልኩን መሃል አስቀምጦ ለቤተሰቡ ሁሉ ለሚያሰማ ሰው ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ካሜራውን ቶሎ ልለፈው። ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ጥልቀት ይፈልጋል፤ ቀጭን ስልክ ደግሞ ጥልቀት የለውም። አይፎን ኤር ከኋላ አንድ ካሜራ ብቻ አለው፤ ኤስ 25 ኤጅ ሁለት አሉት፣ ሩቅ የሚያቀርበው ግን ተትቷል። ለሠርግና ለልጆች ፎቶ ይበቃሉ። ቦረና ሳይንት ፓርክ ሄዶ ቀይ ቀበሮ ለማንሳት ግን አይሆኑም፤ ቀበሮው ቀርቦ አይጠብቅም።

ጥንካሬውም ይታሰብበት። የአንድ ጠፍጣፋ ነገር ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው አይፎን 6 ፕላስ 7.1 ሚሊሜትር ሆኖ ሳለ ኪስ ውስጥ መጉበጡ ዓለምን አነጋግሯል። የዛሬዎቹ ከዚያ ተምረው ጠርዛቸውን ከታይታኒየም ሠርተዋል፤ እንደ በፊቱ በቀላሉ አይጎብጡም። ቢሆንም ከደሴ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም ድረስ በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው ስልኩን የኋላ ኪሱ ውስጥ አድርጎ ባይቀመጥበት ይሻላል። መስታወቱ ቢሰበር ደግሞ የቴክኖና የሳምሰንግ ኤ ስክሪን የሚቀይረው የሰፈር ጠጋኝ ለአዲሱ ቀጭን ስልክ ዕቃ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይኖርበታል። በዚህ ስጋት ሁሉም ሰው ከቨር ያለብሰዋል፤ ከቨሩም የቀነሰውን ሁለት ሚሊሜትር ይመልሰዋል።

ታዲያ ቀጭኑ ለማን ይሆናል? ቀኑን ሙሉ መብራት ካለበት ቢሮ ለሚውል፣ እጁን ለሚያመው፣ ብዙ ለሚያነብ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኮርስ ጽሑፉን በስልክ ሰዓታት ይዞ ሲያነብ ሃምሳ ግራም ይሰማዋል። ደግሞ የሚሰማው ክብደቱ ነው እንጂ ውፍረቱ አይደለም፤ ስለዚህ ሱቅ የሚገባ ሰው ከሚሊሜትሩ በፊት ግራሙን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ፓወር ባንክ ልያዝ ለሚል ደግሞ አንድ ሒሳብ። 10 ሺህ ተብሎ የሚሸጠው ፓወር ባንክ ውስጡ ያለው ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፤ ለስልክ ሲሰጥ ወደ 5 ቮልት ከፍ ሲያደርገው የተወሰነው በሙቀት ይባክናል፤ በተግባር ስልኩ ጋ የሚደርሰው 6 ሺህ ገደማ ነው። ክብደቱ ደግሞ 200 ግራም አካባቢ ነው። 165 ግራም ስልክና ይህ አንድ ላይ ሲመዘኑ 365 ግራም ይሆናሉ፤ ከወፍራሙ ኤስ 25 አልትራ በ147 ግራም ይበልጣሉ፣ ገመዱን ሳንቆጥር።