በሽታ ዘር የምትቆጥር ዓሣ

በአገራችን ልጅ ለመዳር ሲታሰብ ሽማግሌዎች አስቀድመው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የሥጋ ዘመድ ከሥጋ ዘመዱ እንዳይጋባ የሚደረግ ጥንቃቄ መሆኑን ከአንባቢዎቻችን የማያውቅ የለም። ሽማግሌም አማላጅም የሌላት ዓሣ ግን ለልጆችዋ አባት የሚሆነውን በምን ትለየዋለች? የዛሬው ጽሑፋችን ይህንን ይመለከታል።

በአውሮፓ የባሕር ዳርቻዎች፣ በወንዞችና በሐይቆችም ውስጥ በጀርባዋ ላይ ሦስት እሾህ ያላት፣ ርዝመትዋ ከሰው ጣት እምብዛም የማይበልጥ ዓሣ ትገኛለች። የመራቢያው ወራት ሲደርስ የወንዱ ጉሮሮ ይቀላል፤ የተክል ቅንጥብጣቢም ሰብስቦ፣ ከገላው በሚወጣ ሙጫ እያጣበቀ ጎጆ ይሠራል። ሴቲቱ ዕንቁላልዋን ጥላ ትሄዳለች፤ ጎጆውን የሚጠብቀውና በክንፉ ውኃ የሚያራግብለት ወንዱ ነው። እርስዋ ከዚያ በኋላ ለልጆችዋ የምታደርግላቸው ነገር ስለሌለ፣ አባታቸውን መምረጥ ዋነኛ ሥራዋ ነው።

ይህች ዓሣ እንደ ሰው ሁሉ ወደ ሰውነትዋ የገባውን የበሽታ ዘር ከራስዋ አካል ለይታ የምታውቅባቸው ጂኖች አልዋት። ጂኖቹ ልዩ ልዩ ዓይነት በሆኑ መጠን የሚታወቀውም የበሽታ ዓይነት ይበዛል። ልጆችም ከእነዚህ ጂኖች እኩሌታውን ከእናት፣ እኩሌታውን ከአባት ይወርሳሉ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. በሰሜን ጀርመን በፕሎን ከተማ፣ ማንፍሬድ ሚሊንስኪና የሥራ ጓደኞቻቸው ሴቲቱን ወንዶቹን ሳያሳዩ፣ የተቀመጡበትን ውኃ ብቻ አቀረቡላት። እርስዋም በሽታ ብቻ መረጠች። የጂንዋ ዓይነት ጥቂት የሆነባት ብዙ ዓይነት ወዳለው ወንድ ውኃ ስታዘነብል፣ ብዙ ያላት ግን ጥቂት ወዳለው አዘነበለች።

ብዙ መሆኑ የሚጠቅም ከሆነ፣ ሁሉም ብዙ ያለውን ስለ ምን አልመረጡም? በ2003 ዓ.ም. በዚያው ከተማ የተደረገው ምርመራ መልሱን ሰጠ። ዓሦቹን ሦስት ዓይነት ጥገኛ ትሎችና ተሕዋስያን እንዲይዙአቸው ባደረጉ ጊዜ፣ ጉዳቱ ያነሰባቸው የጂናቸው ዓይነት እጅግ ያላነሰና እጅግ ያልበዛ፣ መካከለኛ የሆነው ናቸው። ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት፣ የጂን ዓይነት ከልክ ሲያልፍ ሰውነት ራሱን እንዳይወጋ ሲል ከጠባቂዎቹ ሕዋሳት ብዙዎቹን ያስወግዳል። ስለዚህ ሴቲቱ የምትሻው ከሁሉ የላቀውን ወንድ ሳይሆን የእርስዋን ጉድለት የሚሞላውን ነው፤ ለአንዲቱ የተስማማው ለሌላይቱ አይስማማም።

ነገር ግን ምርጫው በሽታ የሚፈጸም እንደ መሆኑ፣ ውኃው ሲበላሽ ምርጫውም ይታወካል። በሜክሲኮ ወንዞች በሚኖሩ፣ ሰይፍ ጅራት ከሚባሉት ወገን በሆኑ ሌሎች ዓሦች ላይ ይህ ታይቶአል። በ2006 ዓ.ም. የታተመው ምርመራ እንደሚያመለክተው፣ ሴቶቹ በንጹሕ ውኃ የወገናቸውን ወንድ በሽታ ለይተው ሲመርጡ፣ ከበሰበሰ ተክል የሚገኘው ሁሚክ አሲድ በበዛበት ውኃ ግን የራሳቸውን ወገን ከባዕድ ወገን መለየት ተሳናቸው። የፍሳሽ ቆሻሻና ከእርሻ የሚወርድ ጎርፍ ይህን አሲድ በወንዝ ውስጥ ያበዙታል።

እንግዲህ ወደ ወንዝ ቆሻሻ የሚደፋ ሰው ዓሦቹ ሞተው ሲንሳፈፉ ባያይ ጉዳት አላደረስሁም ብሎ ያስብ ይሆናል። ሆኖም ዓሣይቱ በሕይወት እየዋኘች፣ ለልጆችዋ የሚበጀውን አባት የምታውቅበትን መንገድ አጥታ ልትቀር ትችላለች።