ሕፃን መንከባከብ ሥልጠና አያስፈልገውም?

በጌዴኦ ዞን እሸት ቡና ሲደርስ እናት ለቀማ ትወጣለች፤ ሕፃኑ በታላቅ እህቱ ጀርባ ላይ ይውላል። እዚያው ዲላ ከተማ ያለች ሠራተኛ እናት ደግሞ ሞግዚት ትቀጥራለች፣ ወይም ልጇን ማቆያ ታስገባለች።

«ልጅ ላሳደገች ሴት ሥልጠና ምን ያደርግላታል?» ሲባል እንሰማለን። ልምዷ ሊናቅ አይገባም፤ ሆኖም የራስን ልጅ ማሳደግና ዕድሜያቸው የተለያየ የሌላ ሰው ልጆችን በአንድ ክፍል ማዋል እኩል አይደለም። ጨቅላ በሆዱ ሳይሆን በጀርባው እንደሚተኛ፣ ስድስት ወር ሳይሞላው ከጡት ሌላ ውኃም እንደማያስፈልገው፣ ቆሎና ለውዝ ሊያንቁት እንደሚችሉ፣ ሲታነቅም ምን እንደሚደረግ ማወቅ በትምህርት የሚገኝ ነው። ትን ያለው ሕፃን የሚተርፈው ወይም የሚሞተው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

«ከበላና ከተኛ ይበቃዋል፤ ትምህርቱ ኬጂ ሲገባ ይደርሳል» የሚለው ግን ይበልጥ ይጎዳል። አንጎል እጅግ ፈጥኖ የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ማዕቀፍ ጤናን፣ ምግብን፣ ደኅንነትን፣ ለሕፃኑ ስሜት ምላሽ መስጠትንና የመማር ዕድልን ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። ሕፃኑ ድምፅ ሲያሰማ ዓይን ዓይኑን እያየች በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ የምትመልስለት፣ የምታዜምለት ተንከባካቢ እያስተማረችው ነው። ፊደል ቶሎ ማስቆጠር የማቆያ መመዘኛ አይሆንም፤ በዚህ ዕድሜ ትምህርቱ ጨዋታው ነው።

አንድ ሰሞን ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት መያዝም አይበቃም። ክትትል ከሌለ የተማሩት ይረሳል። ደመወዙ ካላኖራት ሠራተኛዋ ትሄዳለች፤ ሕፃኑም የለመደውን ሰው ያጣል። ስለ ሙያ ደረጃ እያወሩ ስለ ደመወዝ ዝም ማለት ልክ አይመስለኝም።

የ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የቀዳማይ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍን የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት ሥራው የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። ዲላ ለዚህ ቅንጅት የተመቸች ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋ በ1996 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር። ሁለቱ ሙያዎች ተባብረው ለዞኑ ሞግዚቶችና ተንከባካቢዎች በሚገባቸው ቋንቋ፣ በሥራ ቦታቸው እየተገኙ ቢያሠለጥኑ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ።

ወላጆችም ማቆያ ስትመርጡ ከክፍያው በፊት ጠይቁ፦ አንዷ ተንከባካቢ ስንት ሕፃን ትይዛለች? ምን ሠለጠነች? ከጀመረች ስንት ጊዜዋ ነው?